ስስቅ የማልኩት መሐላ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማልኩት፤ እሱንም ስስቅ ነው።

አባቴ ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ደንበኛ «ወላሂ በልልኝ፣ ይሄ ቀለሙ አይለቅም?» ሲለው ቁራጭ ቀድዶ ይሰጠውና «ወስደህ እጠበው» ይለዋል እንጂ አይምልም። «ወላሂ የሚበዛበት ሱቅ ሜትሩ አጭር ነው» የሚላት ነገር ነበረችው። ቤታችን ውስጥ የዋሸ ልጅ ይቆጡታል፣ የማለ ልጅ ግን ይገረፋል። ይህን አስቀድሜ የማወራው ወረድ ስንል ስለሚያስፈልገን ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዳባት አለፍ ብሎ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የደጋ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የከተማዋንም የትምህርት ቤቱንም ስም ተዉልኝ፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ፣ ስማቸውንም ለውጫለሁ። ዓርብ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሚኒባስ ይዤ ጎንደር እወርዳለሁ፣ ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ። ትጉ መምህርት ነበርኩ፤ ትምህርቴን ሳልዘጋጅ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን በዚያች ከተማ የእንግዳ ኑሮ ነበር የምኖረው። ተማሪዎቼን በስም አውቃቸዋለሁ፣ የት እንደሚያድሩና ምን እንደሚበሉ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ትምህርት በጣም ዘግይቶ የተጀመረበት ዓመት ነበር። ምክንያቱን የአገሬ ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። የባከነውን ጊዜ ማካካስ ግድ ስለነበረ ርዕሰ መምህራችን አቶ ምስጋናው የክፍል ኃላፊ የሆንነውን መምህራን ሰበሰቡን።

«ሁለት አማራጭ አለን» አሉ። «ወይ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ማስተማር፣ ወይ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ መጨመር። እያንዳንዱ ክፍል የሚሻለውን ይምረጥ። ውጤቱን ዓርብ ጠዋት እፈልጋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩና ሳቅ አሉ። «መምህርት ሐያት እንኳ ምርጫ ሙያዋ ነው።»

እውነትም የአሥረኛ ቢ የክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ የደረስንበትም ምዕራፍ ስለ ምርጫ ነበር። የምፈልገው በእግሩ መጣልኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ስለ መራጮች ምዝገባ፣ ስለ ምስጢራዊ ድምፅ፣ ስለ ቆጠራ አስተማርኩ፤ ሐሙስ እውነተኛውን ምርጫ እናካሂዳለን ተባባልን። በተለይ ስለ ምስጢሩ ስናገር ድምፄን ራሴው ወድጄው ነበር።

«ከመጋረጃው ጀርባ አባትም፣ አለቃም፣ ጓደኛም አያያችሁም። እዚያ ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ።»

«እግዜርስ ቲቸር?» አለ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር።

ክፍሉ ሳቀ። «እግዜር ምስጢር ይጠብቃል» አልኩት፤ ብልህ መልስ የመለስኩ መሰለኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ቅዳሜ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ስድሳ አንድ ተማሪዎች ነበሩኝ። ሃያ ሦስቱ የከተማዋ ልጆች ናቸው። ሠላሳ ስምንቱ የሦስትና የአራት፣ አንዳንዶቹም የአምስት ሰዓት መንገድ በእግር ከሚያስኬድ ገጠር የመጡ ናቸው። ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። የሚበሉት ከቤታቸው በሚያመጡት ስንቅ ነው፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። ዓርብ ከሰዓት ተነሥተው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ስንቁ ይዘጋጃል፣ እሑድ ተሸክመው ይመለሳሉ። ቅዳሜ ትምህርት ካለ ያ ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ውጤቱን በልቤ ቆጥሬ ጨርሼው ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ለሃያ ሦስት። ብዙኃኑ ገጠሬ፣ ድምፁ ምስጢር፣ መልሱ ግልጽ። የመጽሐፉን ምዕራፍ የጻፈው ሰው ራሱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም ነበር።

ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ትርንጎ ተከተለችኝ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግራት ጫማዋን የምታይ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ካሸነፈ እኔ ትምህርቱን መተዌ ነው።»

«ምነው?»

«ስንቅ የሚያመጣልኝ የለም። ሌሎቹ እዚህ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ዘመድ አላቸው፣ ይልኩላቸዋል። የኛ አገር ሰው የሚገበየው ወዲያ ማዶ ነው። እናቴ የለችም፤ አባቴ ዓይኑን ታሞ ከደጅ አይርቅም።»

«አይዞሽ» አልኳት። «እናንተ እኮ ትበዛላችሁ። ቅዳሜ አያሸንፍም።»

«ሸጋ» አለችና ሄደች። ያኔ አምናኝ ነበር።

ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምርጫው ተካሄደ። የቤተ ሙከራውን ጥቁር መጋረጃ ተውሼ በክፍሉ ጥግ ዘረጋሁት። የጠመኔ ካርቶን በፕላስተር አሽጌ ከላይ ቀዳዳ አወጣሁለት። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ቅዳሜ» እና «ከሰዓት»፤ በጀርባው ፈርሜበታለሁ። ከስም መጥሪያው እየጠራሁ እያንዳንዱ አውራ ጣቱን በእስክሪብቶ ቀለም እየነካ እንዲገባ ሁሉን አሰናድቼ ልጀምር ስል ትርንጎ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይምሉም?»

«እኔ?»

«የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት። ዳኛ እንኳ ይምላል።»

ትክክል ነበረች፤ መጽሐፉም አስመራጭ ቃለ መሐላ ይፈጽማል ይላል። ቀኝ እጄን አንሥቼ «ያለ አድልዎ ለመቁጠርና ውጤቱን ሳልለውጥ ለመናገር ቃል እገባለሁ» አልኩ። ክፍሉ አልጠገበም።

«እንዲህማ መሐላ አይደለም!» አለ ማንደፍሮ። የከተማ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ሳቂታ፣ ኳስ ተጫዋች። አባቱ ባቄላ የሚጭኑበት መኪና አላቸው። «በእርስዎ ሃይማኖት ይማሉ ቲቸር፣ በእርስዎ!»

ስድሳ አንድ ልጅ «በእርስዎ! በእርስዎ!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ ሳቄ መጣ።

«እሺ። ወላሂ» አልኩ እየሳቅሁ።

አጨበጨቡ። አባቴ ትዝ አለኝና ወዲያው ረሳሁት።

ምርጫው አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አብዛኞቹ ገብተው ለመውጣት እስትንፋስ ያህል ነው የቆዩት። ትርንጎ ግን ቆየች። ከመጋረጃው ሥር የላስቲክ ጫማዋ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። «ምርጫ እኮ ፈተና አይደለም!» ብሎ አንዱ ቀለደ። ስትወጣ ወረቀቷን አራት አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችና ማንንም ሳታይ ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ደወሉ ሲደወል ነው። ካርቶኑን እዚያው በተማሪዎቹ ፊት መክፈት ሲገባኝ ዓርብ በደንብ አድርጌ እነግራቸዋለሁ ብዬ በብብቴ ይዤው ወጣሁ። መምህራን ምሳ ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ለብቻዬ ቆጠርኩ።

ቅዳሜ፣ ሠላሳ ስድስት። ከሰዓት፣ ሃያ አምስት።

እንደገና ቆጠርኩ። ወረቀቶቹን ገልብጬ አየሁ፤ ፊርማዬ በሁሉም ላይ አለ። ካርቶኑ ከእጄ አልወጣም። የተበላሸ የለም፣ የጎደለ የለም። ሃያ ሦስቱ የከተማ ልጆች ሁሉም ቅዳሜን ቢመርጡ እንኳ አሥራ ሦስት ድምፅ ከየት መጣ? ሦስተኛ ስቆጥር አቶ ምስጋናው ብቅ አሉ።

«እህ፣ ምን ሆነ?»

«ቆጠራው አላለቀም» አልኩ።

«ስድሳ ወረቀት? የአገር ምርጫም እኮ ከዚህ ይፈጥናል!» ብለው ስቀው ሄዱ።

ይህ ሁለተኛው ነው። ለምን እንደዋሸሁ በውል አላወቅሁትም ነበር፤ ብቻ ጊዜ ፈለግሁ።

ትርንጎን ቦኖው ጋ አገኘኋት፤ ጀሪካን ሞልታ ክዳኑን ታጠብቃለች። ቀስ ብዬ ልነግራት አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

«ትርንጎ፣ ቅዳሜ አሸነፈ።»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ማን ነገረሽ? ለማንም አልተናገርኩም።»

«ማንም አልነገረኝ። አሥራ አራት ነን እኮ ለቅዳሜ የሰጠን። ከገጠር ልጆች አሥራ አራት።»

«ለምን?»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችው። «ምለን ነበር።»

ከዚያ የነገረችኝን በአጭሩ ላስቀምጠው። አምና በጥቅምት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ፣ ትርንጎ ሆዷን ታመመች። የተከራየችው በማንደፍሮ እናት ግቢ ውስጥ ነበር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ «ትርፍ አንጀት ነው፣ ጎንደር ዛሬውኑ መድረስ አለባት» ሲል መኪና አልተገኘም። የማንደፍሮ አባት መኪና ባቄላ ተጭኖ ለመነሣት ቆሟል። ማንደፍሮ አባቱ እግር ላይ ወድቆ ለመነና ጆንያውን ከጓደኞቹ ጋር አራግፎ እሷን ጫናት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር» አለ። ከሆስፒታል ወጥታ በእግሯ መሄድ ስትችል፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በዚያና በአጠገቡ ባለው ግቢ የተከራዩ አሥራ አራት የክፍል ልጆች ማንደፍሮን ይዘውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሩ ላይ ቆመው «አንተ አንድ ነገር በጠየቅኸን ቀን እምቢ ካልን ሚካኤል ይፍረድብን» ብለው ማሉለት። እሱ ስቆ አለፈው።

«ትናንት ከሰዓት ሰበሰበን» አለች ትርንጎ። «ከሰዓት ከሰዓት የኳስ ልምምድ አለብኝ፣ ቅዳሜን ምረጡልኝ አለን። ሌላ ምንም አላለ።»

«አንቺ ትምህርት እንደምትተዪ ነገርሽው?»

«ምን ብዬ? ቃሌን ተውልኝ ማለት እኮ ነው።»

«መጋረጃው ውስጥስ?» ድምፄ ከፍ አለ። «ማን ያይሽ ነበር? አንቺስ ምን መረጥሽ?»

«ቅዳሜ።»

«ትርንጎ!»

«እኔ ነኝ እኮ የታመምኩት፣ ቲቸር» አለች። የመደመር ሒሳብ ለማይገባው ልጅ የምታስረዳ ነበር የምትመስለው።

ከዚህ በኋላ ያልኩትን ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ወንበር ተቀያየሩ የማለት ያህል ቀሎኝ ነው የተናገርኩት።

«ስሚኝ። ቆጠራውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ስድስቱን ለከሰዓት፣ ሃያ አምስቱን ለቅዳሜ ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅም። እናንተም ቃላችሁን ጠብቃችኋል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ።

«እርስዎም እኮ ምለዋል።»

«እኔ ስቄ ነው።»

«ምን ያደርጋል? ምለዋል። ለኔ ብለው እንዳያፈርሱት ቲቸር። ኃጢአቱ እኔን ይከተለኛል።»

ጀሪካኗን አዝላ ሄደች። እኔ ቦኖው ጋ ቀረሁ። የማስታውሰው ሐዘን አይደለም፣ ቁጣ ነው። በእሷ ተናደድኩ፣ በማንደፍሮ ተናደድኩ፣ በመጽሐፉም ተናደድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መጋረጃ ስለፈልፍ አሥራ አራቱ ልጆች ከመጋረጃ የሚያልፍ ነገር ይዘው ቁጭ ብለው ያዳምጡኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አድርጌ የማላውቀውን አደረግሁ። ሻሼን አጥብቄ አስሬ ወደ ሚካኤል ሄድኩና ከግቢው በር ውጭ ቆምኩ። የሰበካው ቄስ አባ ጌጡ ያውቁኛል፤ ገበያ ስንገናኝ «የአዲስ ዓለሟ» ይሉኛል። ወጥተው ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው።

«አባ፣ መሐላቸውን ይፍቱላቸውና ምርጫውን ልድገመው።»

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «መሐላው ምኑ ይፈታል ልጄ? ፈጽመውታል እኮ። ደርሶ የተመለሰን መንገደኛ አትሂድ ይሉታል? በታቦት መማላቸው ጥፋት ነው፣ ቀኖና እሰጣቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምረው ግን ነፃ ናቸው። አንድ ነገር ብለው ማሉ፣ አንዱን አደረጉ።»

«እንግዲያው ልድገመው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እናንተ ትምህርት ቤት መራጩ የመረጠውን አስመራጩ ካልወደደው ይደግመዋል ነው የሚባለው?»

ሳላስበው የራሴን መሐላ አወጣሁላቸው፤ ቁጥሩን ልገልብጠው እንዳሰብኩም ጭምር።

«እናንተ ዘንድ መሐላ ያፈረሰ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ማካካሻ አለው አባ። ድሃ ያበላል፤ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል።»

«ሦስት ቀን ቀላል ነው» አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «በአራተኛው ቀን ግን ምን ብለሽ ታስተምሪያለሽ?»

ዓርብ ጠዋት ካርቶኑን ክፍል ይዤ ገባሁ። ትናንት ለብቻዬ መቁጠሬ ስህተት መሆኑን ነገርኳቸው። ወረቀቱን በሙሉ መልሼ ከተትኩና ሁለት ተማሪ አውጥቼ አንዱ እያነበበ አንዷ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች በሁሉም ፊት አስቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት ለሃያ አምስት። ማንደፍሮ እጁን አንሥቶ አጨበጨበ፣ የከተማ ልጆችም ተከተሉት። ከገጠር ልጆች አንዱ «ይደገም!» ብሎ ጮኸ።

«አይደገምም» አልኩ።

አሥራ አራቱ እነማን እንደሆኑ አሁን ማየት ይቻል ነበር፤ ጠረጴዛቸውን የሚያዩት ናቸው። ትርንጎ ሁለት ጊዜ አጨበጨበችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሠላሳ ስድስቱ አሥራ አራቱ ሲቀነሱ ሃያ ሁለት ይቀራል። ከከተማ ልጆች አንዱ ለከሰዓት ድምፁን ሰጥቷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ይህን እንኳ ተምሬያለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ትርንጎ መጽሐፎቿን ታቅፋ መጣች። መጽሐፍ የሚመልስ ተማሪ የክፍል ኃላፊው ፈርሞለት ነው ንብረት ክፍል የሚያስረክበው። አብሬያት ሄድኩ። ስድስት መጽሐፍ፣ ሁሉም በጋዜጣ የተለበዱ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እያንዳንዱን ገጽ ሲፈትሽ ማንደፍሮ ኳስ ሊወስድ መጣ።

«ምነው መጽሐፉ?» አላት።

የመጨረሻውን መጽሐፍ ለሠራተኛው አቀበለችው። እኔን አየኝ። የመናገሩ ድርሻ የእሷ ነበር።

«ትርንጎ፣ ምነው?»

«ቅዳሜ ስንቅ የሚያመጣልኝ የለም።»

«ታዲያ… አባትሽስ?»

«ዓይኑን ነው።»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«ምለን አልነበር?»

ማንደፍሮ ኳሱን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ የቀላው ቀስ በቀስ ነው፤ ከአንገቱ ጀምሮ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቲቸር፣ ይደገም።»

«አይደገምም።»

«እኔ ነኝ ያልኳቸው! እኔ ተውኩት እኮ! ለሷ ነው!»

«ለሷም ቢሆን አይደገምም። ዛሬ ለሷ ብዬ ብደግመው ነገ ለሌላ ሰው ስትጠይቀኝ ምን እልሃለሁ?»

«ትምህርቷን ትተው?» ጮኸብኝ። ተማሪ ጮኾብኝ አያውቅም።

ትክክል ነበርኩ? እላችኋለሁ፣ በዚያች ሰዓት ራሴን ጠልቼው ነበር። ልጅቷ መጽሐፏን እያስረከበች እኔ ስለ ሥርዓት አወራለሁ።

ማንደፍሮ ኳሱን ለሠራተኛው መለሰና ወጣ። መልሶ ገባ።

«ሰኞ ነይ» አላት። «ስንቁን እኔ አመጣዋለሁ።»

«የት ብለህ? አምስት ሰዓት መንገድ ነው እኮ።»

«አመጣዋለሁ አልኩሽ።»

ትርንጎ ከጫማዋ ቀና አለች። «ማል» አለችው።

ማንደፍሮ አፉን ከፈተ። የሚካኤልን ስም ሊጠራ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዘጋው።

«አልምልም» አለ። «አመጣዋለሁ።»

መጽሐፎቹን ከሠራተኛው ተቀብዬ «እስከ ሰኞ እኔ ዘንድ ይቀመጡ» አልኩና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። በዚያ ዓርብ ጎንደር አልወረድኩም። ለምን እንደቀረሁ ለራሴም አልገባኝም፤ ቤቴ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ ዋልኩ።

ሰኞ ትርንጎ መጣች። መጽሐፎቿን ስሰጣት ልባዳቸውን ፈትሻ ተቀበለችኝ፤ ጋዜጣውን ያበላሸሁባት መስሏት ይሆናል።

የማካካሻው ትምህርት በቀጣዩ ቅዳሜ ተጀመረ። ስም ስጠራ ስድሳ ተማሪ «አለሁ» አለ። አንድ ሰው ቀረ። መጥሪያው ላይ በማንደፍሮ ስም ትይዩ «ቀ» ብዬ ጻፍኩ። ዓርብ ከሰዓት ባዶ ስልቻ ይዞ መነሣቱን የሰማሁት ከትርንጎ ነው። አባቷ መጀመሪያ ቀን ከበር ላይ «አንተ የማን ነህ?» ብለው ብዙ አቁመውታል። ሲያድር ግን አልጋቸውን ለቀቁለት። ቅዳሜ ማታ ስንቁን ተሸክሞ፣ እግሩ ተልጦ ገባ። በሚቀጥለውም ሄደ። በዚያኛውም። ለኳሱ ብሎ ያመጣው ቅዳሜ የዓርቡን ኳስ ቀማው። ልጆቹ «አማቹ» እያሉ ያበሽቁት ነበር፤ እሱም ይስቃል፣ እሷም ጫማዋን ታያለች።

ነገሩ ሁሉ አምሮ አለቀ ብዬ እንዳልሸነግላችሁ፤ ከሠላሳ ስምንቱ አንድ ሌላ ልጅ በሚያዝያ መምጣት አቆመ። ዝም ያለ ልጅ ነበር፤ ስንቁ ያልቅበት እንደነበር ያወቅሁት ከቀረ በኋላ ነው። ለእሱ ማንደፍሮ አልነበረውም። እኔም አልጠየቅሁትም ነበር።

አንባቢዬ፣ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቆጡኛል። አንዳንዱ «ስለ ወረቀት ብለሽ ልጅ ልትጥዪ ነበር» ይለኛል። ሌላው «አሥራ አራቱ የተገደዱ ናቸው፣ መሰረዝ ነበረብሽ» ይለኛል። ሁለቱንም እሰማለሁ፤ አንዳንድ ቀን አንዱ ትክክል ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሌላው። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ቁጥሩን ገልብጬ ቢሆን ኖሮ ትርንጎ ትምህርቷን ትቀጥል ነበር፣ ማንደፍሮም ኳሱን ይጫወት ነበር፣ እኔም ዓርብ ዓርብ ጎንደር እወርድ ነበር፤ ሁላችንም እንደነበርን እንቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ምርጫ ሳስተምር «መጋረጃው ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ» አልልም። መጋረጃ ከመዘርጋቴ በፊት ማን ለማን ምን ውለታ እንዳለበት፣ ቅዳሜ ማን ምን እንደሚበላ እጠይቃለሁ። ሁሉንም አላገኘውም፤ እጠይቃለሁ ግን። ካርቶኑንም ለብቻዬ ከፍቼ አላውቅም።

በሰኔ አቶ ምስጋናው የስም መጥሪያውን ይዘው ጠሩኝ።

«ይህ ማንደፍሮ የሚባል ልጅ ቅዳሜ ይሁንልን ብሎ ክፍሉን ያስተባበረ ነው አሉኝ። አንድም ቅዳሜ አልተገኘም። አንቺ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው ብለሽ ፈርመሻል።»

«አለው።»

«ማስረጃው የታል?» ሳቅ አሉ። «ወይስ ልጆቹ እንዳወሩልኝ፣ እንደ ምርጫው ቀን ወላሂ ትይኛለሽ?»

«አልምልም» አልኳቸው። «ቅዳሜ አመሻሽ መንገዱ ላይ ወጥተው ይዩት።»